ምስማር ላይ የኖረው የኤሜት ቫዮሊን

ሃርላን ኤልቲንግ ከኩሬ ውስጥ በረዶ በሚጎተትበት መንጠቆ ተይዞ ሲወጣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር። በዚያ ዘመን በካትስኪል ተራሮች ሥር የሚኖር ገበሬ ሁሉ ብርዱ ሲጠና ኩሬው ላይ የረጋውን በረዶ እንደ ጥርብ ድንጋይ እየቆረጠ፣ በሰጋቱራ ሸፍኖ ለሙቀቱ ወራት ያስቀምጥ ነበር። ወተት በሐምሌ ሳይበላሽ ከተማ የሚደርሰው በዚያ በረዶ ነው። ያን ቀን አባታቸው ፈረሱን ይመራል፣ ታላቅ ወንድሙ ኤሜት መጋዙን ይይዛል፣ ሃርላን የተቆረጠውን በረዶ ወደ ዳር ይገፋል። ኤሜት አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በየጎተራው ቫዮሊን እየመታ የሚያስጨፍር፣ ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ሳቅ የሚቀናው ልጅ ነበር።

በረዶው ሲሰነጠቅ እንደ ጠመንጃ ጮኸ። ሁለቱም ገቡ። ሃርላን ከዚያ በኋላ ስለሆነው ሲጠየቅ የሚናገረው ጥቂት ነው። ውሃው ጥቁር እንደነበረ፣ ኤሜት ግራ እጁን ጨምድዶ ይዞ ወደ ብርሃኑ ቀዳዳ እንደገፋው፣ የደረሱት ጎረቤቶች በመንጠቆው ኮቱን ይዘው እንዳወጡት። ሲወጣ ኤሜት እጁ ላይ አልነበረም። መቼ እንደተላቀቁ፣ የለቀቀውም ማን እንደሆነ አያውቅም። እጁ በዚያች ሰዓት የራሱ አልነበረም።

ጎረቤቶች እጁን በበረዶ አሹት፤ ያኔ መድኃኒቱ እርሱ ነው ይባል ነበር። ሐኪሙ መጥቶ አራቱ ጣቶች ይቆረጡ አለ። እናቱ «አንድ ልጅ ሰጥቻለሁ፤ ከዚህኛው ቁራሽ አልሰጥም» ብላ የመውጫውን በር ከፈተችለት። ጣቶቹ ተረፉ፤ ስሜታቸው ግን አልተመለሰም። የጋለ ምድጃ ቢነካ የሚያውቀው ሽታው ሲመጣ ነው።

ኤሜትን ወዲያው አልቀበሩትም። በብርድ ወራት መሬቱ እንደ ብረት ስለሚጠነክር፣ የሞተ ሰው ከመቃብሩ ቦታ አጠገብ ባለች የድንጋይ ክፍል ውስጥ ሆኖ ምድር እስክትላላ ይጠብቃል። ሃርላን ትምህርት ቤት ሲሄድና ሲመለስ በዚያች ክፍል በር ፊት ያልፍ ነበር። ሚያዝያ ላይ ሲቀብሩት ሰው ሁሉ እንደ አዲስ አለቀሰ። ሃርላን ግን «ኮቴን ያዝልኝ» ተብሎ እንደቆመ ሰው ቆሞ አየ።

ቫዮሊኑን አባቱ ከወጥ ቤቱ በር በላይ ምስማር ላይ ሰቀለው። ሃርላን አንድ ቀን ቤቱ ባዶ ሲሆን አውርዶ ሞከረው። የቫዮሊን አንገት ላይ ምልክት የለም፤ ድምፁን ፈልጎ የሚያገኘው ጣት ነው። የእርሱ ጣት ደግሞ ክሩን ይንካ እንጨቱን ይንካ አያውቅም። የወጣው ድምፅ ጅራቷ በር ላይ የተያዘ ድመት ድምፅ ነበር። መልሶ ሰቀለው። ማታ አባቱ ክሮቹ እንደተነካኩ አይቶ ይሆናል፣ መዶሻ አምጥቶ ምስማሩን መታ መታ አድርጎ አጠበቀው።

ሙዚቃ ግን ከሃርላን አልራቀም። በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ማንም የማይፈልገው፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ባለ አራት ክር ቤዝ ተደግፎ ይኖር ነበር። ቤዝን ሰው ቆሞ፣ አቅፎ ነው የሚጫወተው። ሃርላን አንድ እሑድ ወፍራሙን ክር በቀኝ እጁ ሲስበው ድምፁ ከጆሮው ይልቅ በደረቱ አጥንትና በዳሌው በኩል መጣለት። ከዚያ በኋላ ግራ እጁን በዓይኑ እያየ አስተማረው። የቤዙ አንገት ላይ በቢላዋ ትንንሽ ጭረት አበጅቶ፣ ጣቱን በዚያ ላይ እያሳረፈ፣ ልክ መሆኑን ደረቱን ይጠይቅ ነበር።

እንዲህ ሆኖ ከሠላሳ ዓመት በላይ በየጎተራው፣ በገበሬዎች ማኅበር አዳራሽ፣ ከተሜ ሙቀት ሸሽቶ በሚያርፍባቸው ሆቴሎች ከኋላ ቆሞ የሚያጅብ ሰው ሆነ። በብርዱ ወራት የመንገድ በረዶ የሚጠርግ መኪና ይነዳል፣ በሙቀቱ አናጢ ነው። አንድ ጊዜ አግብቶ ነበር። ሚስቱ ሎይስ ክፉ ሰው አልነበረችም። ታግሣ ታግሣ «ካንተ ጋር መኖር እኮ ባለቤቶቹ ቆላልፈውት ከሄዱት የመዝናኛ ቤት አጠገብ መኖር ነው» አለችውና፣ የልብስ ስፌት መኪና ከሚሸጥ ሰው ጋር ወደ ኪንግስተን ሄደች። ሻንጣዋን እስከ መኪናው የተሸከመላት ሃርላን ነው። የሰውየው መኪና ጎማ አየር መጉደሉን አይቶም ነፋለት።

ከተማቸው ዉድስቶክ ከጥንትም ሠዓሊና ሙዚቀኛ አጥታ አታውቅም። በፈረንጆቹ ስድሳዎቹ ማለቂያ ላይ ግን ሌላ ዓይነቶቹ መጡ፤ ፀጉራቸውን ያስረዘሙ፣ ጊታር የተሸከሙ፣ ከኒውዮርክ በአውቶቡስ የሚወርዱ ልጆች። ማደሪያ አላጡም፤ እንደ ልብ የሚጫወቱበት ቦታ ግን አልነበራቸውም። ሜዳዋን የከፈተችላቸው ቬርና ሪዝሊ ናት። ቬርና ባሏ የሞተባት፣ ጥቂት ላሞችና ከከተማው ወጣ ያለ አንድ ተዳፋት ሜዳ የቀሩላት ሴት ነበረች። ሦስት ሜዳ አሻግራ ላም የምትጠራበት ድምፅ ነበራት፤ በዚያው ድምፅ ጭፈራ ትመራለች። በእነርሱ ጭፈራ ስምንት ሰው በአራት ጥንድ ሆኖ አራት ማዕዘን ሠርቶ ይቆማል። አውራጅዋ «ቀኝ ስጡ፣ ግራ ስጡ፣ ዙሩ፣ ወደ ቤታችሁ ግቡ» እያለች ትጠራለች፤ ጨፋሪው ይታዘዛል።

ሃርላን ከፈረሰ ጎተራ በተረፈ ሳንቃ መድረክ ሠራላት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የፈለገ ወንበሩን ይዞ ይመጣል፣ የፈለገ ይጫወታል። ሕጉ ሁለት ነበር። ወንበር ያመጣ ወንበሩን ይመልሳል። ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ሳትገባ ደግሞ የዕለቱ ማሳረጊያ ጭፈራ ይጨፈራል፤ በኤሌክትሪክ ጊታር ሲያስጮኸው የዋለውም፣ ላሙን አልቦ የመጣውም እጅ ለእጅ ይያያዛል። ያልጨፈረ ቆሻሻ ይለቅማል።

መጀመሪያ ሰሞን ገበሬዎቹ ወንበራቸውን ከአጥሩ ሥር ደርድረው በሩቁ ነበር የሚያዩት። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ወተት አምራች ለማሳረጊያው ጥንድ ሲያጣ፣ ፀጉሩ ትከሻው ላይ የወረደውን አንድ ከበሮ መቺ ከኋላው አይቶ ሴት መሰለውና እጁን ያዘ። ልጁ ዞሮ ወንድ መሆኑን ነገረው። ሽማግሌው የልጁን ፂም አየ፣ እጁን ግን አልለቀቀም። «እንግዲህ ዘፈኑ ተጀምሯል» አለው። ከዚያ ቀን በኋላ ወንበሮቹ ከአጥሩ ሥር ተነሡ።

የቸገረው ማሳረጊያው ነው። በቫዮሊን የሚመታላቸው ሽማግሌ በመጋቢት ሞቶ ነበር። በጊታር ሞከሩት፤ ቬርና «ይሄ አጥር ሲተከል እንጂ ጭፈራ አይመስልም» አለች። በዚያ መሀል ጆዲ የምትባል ከብሩክሊን የመጣች ልጅ ዳቦ ቤቱ ውስጥ ሥራ ገባች። ቫዮሊን ከልጅነቷ የተማረች ናት፤ የራሷን ግን አውቶቡስ ጣቢያ ውስጥ ሰርቀዋታል። ቬርና ይህን በሰማች ማግሥት ሃርላን ቤት መጥታ ወጥ ቤቱ በር ሥር ቆመችና ወደ ላይ አንጋጠጠች።

«ይሄ ነገር ዝንብ ማስቀመጡን አልተወም» አለች።

«የኤሜት ነው።»

«የማን እንደሆነ ለእኔ ትነግረኛለህ? መጀመሪያ የጨፈርኩት በዚህ ነው። ኤሜት ዝንብ አያስቀምጥም ነበር።»

ሃርላን ያን ሳምንት ሙሉ አሰበበት። የኤሜት ፎቶግራፍ አልነበራቸውም። ልብሱን ለድሃ ሰጥተውታል፣ ቤተሰቡም አልቋል። በዚህ ምድር ላይ ኤሜት እጁን ያሳረፈበት ነገር የቀረው ያ ቫዮሊን ብቻ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አውርዶ አቧራውን ጠረገና ለጆዲ ሰጣት። አንድ ግዴታ ብቻ አስገባት፦ በተጫወተችበት ቀን፣ ሳይጨልም፣ ራሷ አምጥታ ምስማሩ ላይ ትሰቅለዋለች።

የመጀመሪያው ቀን ከኋላዋ ቆሞ ቤዙን አቅፎ አጀባት። ደጋኑ ክሩን ሲነካ የሆነ ነገር ይመጣብኛል ብሎ ራሱን አዘጋጅቶ ነበር። ምንም አልመጣም። ስትጨርስ ዞራ አየችው። «ደህና ነው» አላት። ማታ ሰቅላው ስትሄድ ግን ከምስማሩ ሥር ቆሞ በቀኝ እጁ ነካው፤ የልጅቷ አንገት ያረፈበት ቦታ ገና ሙቀት ነበረው። በዚህ ዓይነት የሁለት ዓመት የሙቀት ወራት አለፈ። ጆዲ አንድም ቀን አላረፈደችም።

በሦስተኛው ዓመት ጥሩ ልብስ የለበሱ ሰዎች በጥሩ መኪና መጥተው የቬርና ሣር ላይ ተቀምጠው ሰሙ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ በነሐሴ በዉድስቶክ ስም ትልቅ የሙዚቃ ድግስ ሊደረግ ነው የሚል ወሬ ተነዛ። ለስፋቱ የሚሆን ቦታ እዚህ አልተገኘምና በመኪና ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ሌላ አውራጃ ውስጥ፣ የአንድ ወተት አምራች ማሳ ላይ እንዲሆን ተወሰነ። ስሙም አብሮ ሄደ። ቬርና ይህን ስትሰማ «ወንበር የወሰደ ይመልሳል፤ ስም የወሰደስ?» አለች።

ጆዲ ሃርላን ዘንድ የመጣችው በር እየላገ ሳለ ነው።

«ሚስተር ኤልቲንግ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር።»

«ጠይቂያ።»

አንድ የምታውቀው ዘፋኝ በዚያ ድግስ ላይ ቅዳሜ ተራ ተሰጥቶታል። ሁለት ዘፈን ላይ ቫዮሊን እንድታጅበው ይፈልጋል። ስለዚህ ያን ቅዳሜ ሜዳው ላይ አትኖርም፤ ቫዮሊኑም በዕለቱ አይመለስም። ይህን ሁሉ ወለሉ ላይ ያለውን ፍቅፋቂ በእግሯ እየሰበሰበች ነገረችው። ሃርላን መላጊያውን አላቆመም።

«ዝናብ አይወድም» አለ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«ሙጫው ከቆዳ የተቀቀለ ነው። ውሃ ሲነካው ይለቃል።»

«ከብብቴ አላወጣውም።»

«ሰኞ» አለ ሃርላን።

«ሰኞ፣ ሳይጨልም።»

ቬርና ስትሰማ ፈርታ ተቆጣች። ሳይመለስ ቢቀርስ አለችው። ሃርላን ልጅቷ አርፍዳ እንደማታውቅ ነገራት። ቬርና የልጅቷን ነገር አልጠየቅኩህም፣ ያንተን ነው አለች። እርሱም በሩን አንሥቶ ማጠፊያው ላይ ሊገጥም ሄደ።

ያ ቅዳሜ በቬርና ሜዳ ላይ ሰማዩ እንደ እርጥብ ጨርቅ ወርዶ ነበር። ልጆቹ ሁሉ ወደዚያኛው ሄደዋል። የመጡት ጡረታ የወጡ መምህር ከባለቤታቸው ጋር፣ ወተት አመላላሹ ከሚስቱ ጋር፣ ፖስታ ቤት የምትሠራው ሴት ከእህቷ ጋር፣ እና መንገድ የጠፋበት አንድ ባለ ሞተር ብስክሌት ናቸው። ባለ ሞተሩ ትልቁ ድግስ ያለው በከተማይቱ መስሎት ነበር። ሜዳውን ዞር ዞር ብሎ አየ።

«ይኸው ነው?» አለ።

«ይኸው ነው» አለችው ቬርና። «ወንበር ይዘሃል?»

ማሳረጊያው ሰዓት ደረሰ። ሃርላን መድረኩ ላይ ብቻውን ቤዙን አቅፎ ቆመ። ማሳረጊያውን በቤዝ ብቻ መምታት ቤትን በመሠረቱ ብቻ ማሳየት ነው፤ ግድግዳውንና ጣሪያውን ጨፋሪው ከራሱ ማምጣት አለበት። ጨፋሪዎቹ ሰባት ናቸው። ቬርና ራሷ ስምንተኛ ሆና ገባች፤ እየዞረች ጠራች፣ እየጠራች ዞረች። መሀል ላይ ዝናቡ ጀመረ። አላቆሙም። ሃርላን ደረቱን የሚመታውን ድምፅ እያዳመጠ፣ የኤሜት ቫዮሊን ዜማ ከላይ የሚያርፍበትን ባዶ ቦታ ከነወሰኑ አወቀው። አዘነም ደስ አለውም ማለት አይቻልም። ባዶው የት ላይ እንደሆነ ብቻ አወቀ። ሲጨርሱ ሁሉም ወንበራቸውን መለሱ። ባለ ሞተሩ ማንም ሳይጠይቀው መድረኩን በሸራ መሸፈን አገዘው።

እሑድ ጠዋት ሬዲዮው መንገዱ መዘጋቱን፣ ምግብ ማለቁን፣ አንድ ከተማ የሚያክል ሰው ጭቃ ውስጥ መሆኑን ተናገረ። ከተማ የሚያክል የሚለውን ሃርላንም ቬርናም አላመኑም። ቬርና ላሞቿን አልባ መጣችና ልጅቷ ሳትራብ አትቀርም አለች። ከዚያ ሁለቱ ያደረጉት የዚያ ሜዳ ሰው ካልሆነ የማያደርገው ነው። አንድ ባልዲ የድንች ሰላጣ፣ ለራሳቸው ሁለት ተጣጣፊ ወንበር፣ ለጆዲ ደግሞ ሦስተኛ ወንበር መኪናው ላይ ጫኑ። በስማቸው የተጠራ ድግስ እንደ ሜዳቸው መስሏቸዋል። ደርሰው፣ ወንበር ዘርግተው፣ መድረኩ አጠገብ የቆመውን ሰው ጆዲን ጥራልን ሊሉት ነው።

ከእርሻው ገና ብዙ ርቀው ሳሉ መንገዱ በቆሙ መኪናዎች ተደፍኖ አገኙት። ጫማው በጭቃ የጠፋ ወጣት ፖሊስ ወደ መስኮቱ መጣ።

«ወዴት ነው ጌታዬ?»

«ዉድስቶክ» አለ ሃርላን።

«ከየት ነው የመጡት?»

«ከዉድስቶክ።»

ፖሊሱ ወንበሮቹን አየ፣ ባልዲውን አየ። እንቅልፍ ካየ ቀናት ያለፈው ሰው ነበርና አልሳቀም። «እዚያ አራት መቶ ሺህ ሰው አለ» አለ ቀስ ብሎ።

«እኛ የምንፈልገው አንድ ልጅ ነው» አለች ቬርና። «ቫዮሊን ይዛለች።»

ፖሊሱ በቫዮሊን ፈልጎ እንደማያገኛት በትሕትና ነገራት። መኪናውን ዳር አስይዘው በእግር ጥቂት ሄዱ፤ ወንበርና ባልዲ ይዞ ሩቅ አይኬድም። በአንድ አጥር ሥር ወንበራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። በፊታቸው ልጆች በባዶ እግራቸው፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው፣ ጭቃ ለብሰው ያልፋሉ። ቬርና ጠራቻቸው። ሰላጣውን በእጃቸው፣ በኮፍያ፣ አንዱ ደግሞ በመኪና ጎማ ክዳን ተቀብሎ በላ። ከኮረብታው ማዶ የሚጫወቱት ሙዚቃ ዜማ በነፋስ ተበትኖ አይደርስም። ቤዙ ግን በምድር ውስጥ ይመጣል። ሃርላን በወንበሩ እግር በኩል ዳሌው ላይ ይሰማው ነበር። ማን እንደሚመታው አያውቅም። ደህና ነው ብሎ አሰበ፤ ትንሽ ይቸኩላል።

በሦስተኛው ወንበር አንዲት የማያውቋት ልጅ መጥታ ተቀመጠችና ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። ደመናው ጠቁሮ ለመመለስ ሲነሡ ገና ተኝታ ነበር። ቬርና ወንበሩን አየች፣ ልጅቷን አየች፣ ሃርላንን አየች። «ተወው» አለ። ከዚያ ሜዳ ወጥቶ ያልተመለሰ ወንበር ያ የመጀመሪያው ነው።

ሰኞ ጨለመ። ምስማሩ ባዶ ነበር። ማክሰኞና ረቡዕም እንዲሁ። ሃርላን በዚያ በር ሥር ሲያልፍ ጎንበስ ይል ጀመር፤ ቫዮሊኑ እያለ ጎንበስ ብሎ አያውቅም ነበር። ቬርና ምሳ ይዛለት መጥታ የቫዮሊኑን ነገር ሳታነሣበት ተቀምጣ ትሄዳለች።

ሐሙስ ጆዲ መጣች። ድምፅዋ ጠፍቷል፣ እግሯ ቆስሏል፤ በክንዷ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አቅፋለች። ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። የቫዮሊኑ ደረት ከጎኑ ለቆ ተነሥቷል፣ አንገቱ ተነቅሎ በክሮቹ ብቻ ተንጠልጥሏል።

ዘፋኙ ተራው ሲገፋ ሲገፋ ሰልችቶት በተገኘው ተሳፍሮ ሄደ። ጆዲ መድረኩን በሩቁ አየችው እንጂ አልረገጠችውም። ይህን የነገረችው ላስቲኩን እያጠፈች ነው።

«ከብብቴ አላወጣውም ብዬዎት ነበር» አለች። «አወጣሁት።»

«ለምን?»

«እሑድ በዝናቡ መሀል አጠገቤ የነበሩት ልጆች በብርድ ይንቀጠቀጡ ነበር። አንዷ እግሬ አይሰማኝም አለች። ካልተንቀሳቀሱ መስሎኝ… በላስቲክ ሥር ሆኜ ማሳረጊያውን መታሁላቸው። የቬርናን ጥሪም ጠራሁ። ውሃው ከላይ ይገባ ነበር፤ አየሁት። አላቆምኩም።»

ሃርላን ግራ እጁን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ያየው ነበር።

«ጨፈሩ?»

«ጨፈሩ።»

«ልጅቷስ? እግሯ?»

«ስታለቅስ ነበር። ስሜቱ ሲመለስ ያማል መሰለኝ።»

«ያማል ይላሉ» አለ ሃርላን። ከዚያ የተነሣውን ደረት በቀኝ አውራ ጣቱ ዳር ዳሩን ዳበሰ። «እንጨቱ አልተሰነጠቀም። ሙጫው ነው። ሙጫው የሚሠራው ለዚህ ነው፤ ቀድሞ ካልለቀቀ እንጨቱ ይሰነጠቃል።» ልጅቷ ስታለቅስ ሾርባ አሞቀላት። ለማጽናናት ሌላ ነገር አላወቀም።

ያን የብርድ ወራት ቀን ቀን መንገድ ይጠርጋል፣ ሲመለስ ሙጫውን በፈላ ውሃ ላይ ያሟሟል። ቤቱ የተቀቀለ ቆዳ ሸተተ። የመገጣጠሚያው ጠርዝ እኩል መግጠሙን ሌላ ሰው በግራ እጁ ጣት ጫፍ ያጣራል። እርሱ በከንፈሩ አጣራ። ቫዮሊኑን እንደ ሕፃን አንሥቶ መገጣጠሚያውን ዙሪያውን በከንፈሩ እየሄደ፣ ከፍ ያለበት ቦታ ሲያገኝ ይቆማል። ቬርና አንድ ቀን ሳታንኳኳ ገብታ በዚህ ሁኔታ አገኘችው። ባልና ሚስቱን ልተዋችሁ ብላ ተመለሰች።

ጆዲ ለብርዱ ወራት ብሩክሊን እናቷ ዘንድ ነበረች። በግንቦት መጣች። ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆማ ማሳረጊያውን አንድ ጊዜ መታችው። ድምፁ ከበፊቱ ትንሽ ጠቆር ብሏል፤ ሁለቱም ሰሙት። እንደ ልማዷ ልትሰቅለው ወደ በሩ ዞራ ወደ ላይ አየች። ቀዳዳ ብቻ ነበር።

«ምስማሩስ?»

«ነቀልኩት።»

ቫዮሊኑን ከእጇ ወሰደ፤ ሣጥን ውስጥ ሊያስገባው መሰላት። ሃርላን ግን አንገቱን በግራ እጁ ይዞ መልሶ ዘረጋላት። ስትቀበለው እጁ ወዲያው አልተከፈተም። ቁልቁል ጣቶቹን አየ። አንድ ባንድ ሲከፈቱ እያየ ለቀቀው።

«መቼ ልመልስልዎት?» አለች ጆዲ።

«ወንበር አይደለም» አላት።

በዚያ ዓመት ስሙን የሰማ ሁሉ ሜዳውን ፍለጋ ዉድስቶክ ገባ። እዚህ አይደለም ሲባል አያምንም። የቬርናን የአጥር ቋሚ ነቅለው ያነደዱ፣ ላሞቿን ያስደነበሩ ነበሩ። ብዙ ታገሠችና ሜዳውን በሽቦ ዘጋችው፤ ጭፈራው ወደ አዳራሽ ገባ። መድረኩን ሃርላን አፍርሶ የዶሮ ቤት ሠራበት። ጆዲ በየትምህርት ቤቱና በየአዳራሹ በዚያ ቫዮሊን ስታስጨፍር ኖረች። ቬርና ከዓመታት በኋላ ሞተች፤ በቀብሯ ላይ ማሳረጊያው ተመታ፣ ያልጨፈረም ወንበር ሰበሰበ። መንገደኛ ዛሬም ሃርላንን ቦታው የት ነው ይለዋል። በሽማግሌ ጨዋነት መንገዱን ያሳየዋል፤ ሁለት ሰዓት ያስኬዳል።

ጆዲ በየነሐሴው ትመጣለች። ባለፈው ጊዜ ስትመጣ ሃርላን ሰማንያ ዓመት አልፎታል፤ ቤዙን ማቀፍ ስላቃተው ቁጭ ብሎ ይደገፈዋል። ደጃፉ ላይ ሁለት ወንበር አውጥተው ተቀምጠው ነበር። በዕድሜዎ ካዩት ሁሉ ለእርስዎ የሚበልጠው የትኛው ነው ብላ ጠየቀችው። እንዲህ ሲል መለሰላት።

«ሰው የሚጠይቀኝ ስለዚያ ድግስ ነው። እኔ መንገድ ዳር ወንበር ላይ ነበርኩ። ብዙ ነገር ሲደርስብኝ በሌላ ሰው ላይ እንደደረሰ ሆኖ ነው ያየሁት፤ ማንንም አልወቅስበትም። ኤሜት እጄን ይዞ ነበር። እርሱ ይልቀቀኝ፣ እኔ ልልቀቀው፣ አላውቅም፤ እጄ አልነገረኝም። ቫዮሊኑን ላንቺ ስሰጥ ግን ቆሜ አየሁት። የለቀቅሁት እኔ ነኝ። እያወቅሁ ነው የለቀቅሁት። የሚበልጥብኝ እርሱ ነው። በይ ማሳረጊያውን ምቺልኝ፤ ስትጨርሺ ወንበርሽን አስገቢ፣ ሰማዩ አላማረኝም።»